የድሮ ጭነት መኪና ሞተር ለምትቀይሩ ወጣቶች፦ ስለ ሞተር ማውንት

ውድ ወጣቶች፣

በድሮ የጭነት መኪና ላይ ሌላ ሞተር ለመግጠም ስትነሱ ብዙዎቻችሁ ስለ ማውንት፣ ማለትም ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር አያይዞ ስለሚሸከመው መያዣ፣ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት «የትኛው ይገጥማል?» ብላችሁ ነው። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ትንሽ እንድታቆዩት እመክራችኋለሁ። ማውንት የሚመረጠው የሞተሩ ቦታ በልክ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ቀድማችሁ ከገዛችሁት የሞተሩን ቦታ የሚወስንላችሁ መኪናችሁን አይቶት የማያውቅ ዕቃ አምራች ይሆናል።

ቦታውን ለማወቅ ሞተሩንና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አንድ ላይ አያይዛችሁ፣ መኪናው በጎማዎቹ ቆሞ ክብደቱን እንደ ተሸከመ፣ በሰንሰለት አንጠልጥላችሁ ወደ ውስጥ አውርዱት። ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ፣ የጭስ ማውጫው ከመሪው ዘንግ፣ የሞተሩ ጀርባ ከካቢናው ግድግዳ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ። ጠጣር የፊት አክሰል ባላቸው መኪኖች ደግሞ ባሌስትራው (የብረት ቅጠል ስፕሪንጉ) በጉድጓድ ላይ ሲታጠፍ አክሰሉ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ መኪናው ቆሞ በቂ የሚመስለው የዘይት ቋት ክፍተት መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ዘንበል ማለቱን ተመልከቱ። ሞተሩ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ሲሆን፣ ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የዲፈረንሻሉ አፍንጫ በዚያው መጠን ወደ ላይ ቀና ካለ በማስተላለፊያው ዘንግ ሁለት ጫፎች ያሉት ክሮቼራዎች (ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) የሚፈጥሩት የፍጥነት መዋዠቅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ምንም ጥፋት የሌለበት ማውንት ተወቅሶ ይቀየራል፤ ንዝረቱ ግን እዚያው ይቀራል።

ማውንቱ የሚሠራበትን ነገር በተመለከተ በመንገድ ለሚነዳ መኪና የእኔ ምርጫ ላስቲክ ነው። የአሜሪካው መኪና አምራች ፕሊማውዝ እ.ኤ.አ. በ1931 ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሩን በሚዛኑ ዙሪያ እንዲወዛወዝ አድርጎ በላስቲክ ላይ ሲያስቀምጠው ያገኘው ልስላሴ ዛሬም አላረጀም። ፖሊዩረቴን የተባለው ሰው ሠራሽ ቁስ ጠንከር ያለና ዘይትን የሚቋቋም ስለሆነ ጉልበታም ሞተር ላይ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን በመሪውና በወንበሩ ላይ የሚሰማ ንዝረት ነው። ድፍን የብረት ማውንት ለውድድር መኪና ይቅር። የድሮ መኪና ሻንሲ (ሁሉን የሚሸከመው የብረት አጽሙ) ሸክም ሲያርፍበትና ወጣ ገባ መንገድ ሲያገኝ ይጠማዘዛል፤ ሞተሩ በብረት ከታሰረበት ጥምዘዛውን የሚቀበለው ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ነው፤ የሚሰነጠቀውም ማውንቱ የሚታሰርበት ጆሮው ነው። ፊቱን በለስላሳ ላስቲክ፣ ካምቢዮውን በድፍን ብረት ማሰር ደግሞ ይብሳል፤ የካምቢዮው ቤት ለብቻው የማይችለው ጫና ይወርድበታል።

የግራውን ማውንት ለይታችሁ ተከታተሉ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ በግራ በኩል ስለሚነሣ፣ የቀኙ ላስቲክ ሲጨመቅ የግራው ይሳባል፤ ላስቲክ ደግሞ ከመጨመቅ ይልቅ መሳብ ይጎዳዋል። ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ 6.7 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ላስቲኩ ሲቆረጥ ሞተሩ ተነሥቶ የነዳጅ መስጫውን ክፍት እንደያዘ ሊያስቀረው ይችል ነበር። ስለዚህ ላስቲኩ ቢቆረጥ እንኳ የላይኛውና የታችኛው ብረት ተቆላልፈው ሞተሩን የሚይዙትን ዓይነት ግዙ። ከገጠማችሁ በኋላ አንዱ ፍሬን አጥብቆ ይዞ፣ ማርሽ አስገብቶ ጥቂት ነዳጅ ሲሰጥ፣ ሌላው ከመኪናው ፊት ሳይሆን ከጎን ቆሞ በላስቲኩና በብረቱ መካከል የሚከፈት ስንጥቅ መኖሩን ይመልከት።

ክብደቱ የሚያርፍበትም ቦታ ይታሰብበት። ከድሮዎቹ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮች ብዙዎቹ ከፊት በመሐል፣ ከኋላ በፍሪሲዮን ቤቱ ጎንና ጎን ይታሰሩ ነበር። የምትገጥሙት ቪ8 (ስምንት ሲሊንደሮቹ በ«V» ቅርጽ የተደረደሩ ሞተር) ግን በጎኖቹ የሚታሰር ስለሆነ ክብደቱን ፋብሪካው ባላጠናከረው የሻንሲ ክፍል ላይ ያሳርፋል፤ እዚያ ላይ ወፍራም ላሜራ መጨመር ግድ ነው። መያዣውን በመጀመሪያ በነጥብ ብቻ በይዱት፤ ልኩን ደግማችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ ሞተሩንና ላስቲኩን አውጥታችሁ ሙሉ ብየዳውን ጨርሱ። የብየዳ ሙቀት ያገኘው ላስቲክ ከውጭ ደህና ቢመስልም ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት ሊለቅ ይችላል። ብሎኖቹም የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት የሞተሩ ሙሉ ክብደት በማውንቶቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፦ ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሞተሩ ከሻንሲው ጋር በማሳ ገመድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ በሚመለስበት ገመድ) ካልተገናኘ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) የሚፈልገው ከፍተኛ ኃይል በነዳጅ መስጫው ሽቦ ወይም በሌላ ቀጭን ነገር በኩል መመለሻ ይፈልግና ያቃጥለዋል። ስለዚህ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ወፍራሙን ገመድ፣ ቀለሙ በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ከብሎኩ ወደ ሻንሲው እሰሩ።