ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ጥያቄ፦ የለንደንና የኒውዮርክን የአየር ርቀት ስፈልግ አንዱ ድረ ገጽ 5,550፣ ሌላው 3,450፣ ሌላው ደግሞ 3,000 ይለኛል። የትኛውን ልመን? ደግሞስ መሄጃው 8 ሰዓት ገደማ ሆኖ መመለሻው 7 የሆነው ለምንድን ነው? መንገዱ ያው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሦስቱንም ይመኑ፤ የተለያየው መስፈሪያው ነው። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው የየብስ ማይል (1.609 ኪ.ሜ.)፣ ሦስተኛው አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል (1.852 ኪ.ሜ.) ነው። በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ከለኩ ግን ይሳሳታሉ። ሉል ላይ ከከተማ ከተማ ክር ወጥረው ይዩት፦ ክሩ በአየርላንድ አልፎ ወደ ካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ያቀናል። ጠፍጣፋው ካርታ ላይ ወደ ሰሜን የጎበጠ የሚመስለው ይኸው አጭሩ መንገድ ነው።

የሰዓቱ ነገር የነፋስ ሥራ ነው። ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ በ10 ኪ.ሜ. ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪ.ሜ. ይበራል እንበል፤ ነፋሱም 100 ይሁን። ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ ፊት ለፊት ስለሚገፋው በመሬት ላይ የሚሸፍነው 800 ብቻ ነው፤ 5,550ን ለ800 ሲያካፍሉ 6 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይመጣል። ሲመለስ ከኋላ ስለሚገፋው 1,000 ይሆንና 5 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ይበቃዋል። በእነሱ ክረምት (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ቀዝቃዛ ወቅት) ነፋሱ ስለሚበረታ ልዩነቱ ይሰፋል። የካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ላይ አንድ ቦይንግ 747 ማዕበል ገፍቶት ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል።

ቲኬቱ ከዚህ ስሌት በላይ የሚያሳየው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት አንሥቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ስለሚቆጥር ነው። ማኮብኮቡ፣ ወረፋው፣ ቀስ እያሉ መውጣትና መውረዱ ሁሉ አለበት። አየር መንገዶች ለመዘግየት የሚሆን መጠባበቂያም ይጨምሩበታል፤ «ቀድመን ደረስን» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ ነው። ለግምት ያህል በስሌቱ ላይ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ቲኬቴ ከለንደን መነሻ 10:00፣ ኒውዮርክ መድረሻ 13:00 ይላል። በረራው 3 ሰዓት ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሁለቱም የተጻፉት በየከተማው ሰዓት ነው። ኒውዮርክ በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር 13:00 ሲሆን ለንደን 18:00 ነው፤ ስለዚህ በረራው 8 ሰዓት ነው። ሲመለሱ ደግሞ 5ቱን ከልዩነቱ ይቀንሳሉ።

አንድ ወጥመድ አለ። ሁለቱም አገሮች በየዓመቱ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉና ከወራት በኋላ ይመልሱታል፤ ቀናቸው ግን አይገጥምም። አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ ብሪታንያ በመጨረሻው እሑድ ነው። በመካከሉ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሰዓቱ በሚመለስበት ጊዜም፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ መካከል፣ እንዲሁ ነው። በእነዚያ ቀናት የሚበሩ ከሆነ በ5 አያስሉ።