ከጾሙ ውጭም የጾም ለምትበሉ

ውጭ አገር መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ካለፉት ሰባት ዓመታት ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚበስለው ከሞላ ጎደል የጾም ነው። ሥጋ የምቀምሰው በዓል ሲሆን ወይም ሰው ቤት ስጠራ ነው። ወተትና እንቁላል መግዛት ትቻለሁ። ይህን የምጽፈው በዚሁ መንገድ ለመሄድ ላሰባችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ኮሌስትሮላችሁ ከፍ ብሏል ተብላችኋል። አንዳንዶቻችሁ ስኳር ጀምሯችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት «ከዛሬ ጀምሮ ቪጋን ነኝ» (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም አልበላም ማለት ነው) ብላ መጥታ፣ ምን እንደምታበሏት ግራ ገብቷችኋል።

እኛ ከዜሮ አንጀምርም። የዚህ አገር ሰው ሥጋ ሲተው ምን እንደሚበላ መጽሐፍ ገዝቶ ይማራል። እኛ ረቡዕና ዓርብ አለን። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ለሁሉም ምእመን የታዘዙትን አጽዋማት የሚጾም ሰው ከዓመቱ 180 ቀን ገደማ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል። የማይጾመውም፣ ሙስሊሙም ቢሆን ሽሮና ምስር ያደገበት ነው። አዚፋ፣ ቡቴቻ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ክክ አልጫ፣ ሽምብራ ዓሣ፣ ንፍሮ... ስንቱ ተቆጥሮ ያልቃል።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? እዚህ በጾም ቀን የምንበላው እናቶቻችን ያበሉንን አይደለም። ከሥራ ደክመን ማታ እንገባለን። ቤት ያለው ዳቦና ማርማላታ ነው። ወይ ድንች ጥብስ። ወይ ፓስታ በቲማቲም ስጎ። ሥጋ የለበትም፣ ግን ምግብም አልሆነም። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንዲህ ነው ያሳለፍኩት። ክብደቴ ጨመረ፣ ጉልበቴ ቀነሰ።

ያዳነኝ የእሁዱ ቁሌት ነው። እሁድ ጠዋት ሰባት ስምንት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፋለሁ። ሰፊ ድስት ላይ በደረቁ፣ ያለ ዘይት፣ በመለስተኛ እሳት አቁላላዋለሁ። ውሃውን ጨርሶ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያደረግኩ ሙቅ ውሃ እጨምራለሁ። ቡናማ ሲሆን ትንሽ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል። ከዚያ ሌላ ግማሽ ሰዓት። አይቸኮልም፤ የወጡ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ፍሪዘር አስገባዋለሁ። ማክሰኞ ማታ አንዱን አውጥቼ በውሃ አፈላውና ሽሮ እበትንበታለሁ። ሐሙስ ምስር ክክ እጨምርበታለሁ። ምስር ክክ መዘፍዘፍ እንኳ አይፈልግም። ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ራት ደረሰ።

ስለ ዘይት ግን ልናገር። ቅቤ የለም ብለን በዘይት እናካክሳለን። ወጡ ላይ ሁለት ጣት ዘይት ይንሳፈፋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ አምስት ማንኪያ ስታፈሱበት አስቡት። የቅቤን ሽታ የምንናፍቀው ግማሹ የቅመሙ ነው። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ በግማሽ ሊትር ዘይት ውስጥ በጣም በዝግታ አሙቁት። ሳይቃጠል አውርዳችሁ አጥልሉት። ወጡ ሊወርድ ሲል ከዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ቤቱ ራሱ የቅቤ ቤት ይሸታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በሦስተኛው ዓመት የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ጉንዳን የሚወረኝ ይመስለኛል። በብርዱ አመካኘሁ። ወፍራም ካልሲ ገዛሁ። ቀጥሎ ድካሙ መጣ፤ ደረጃ ወጥቼ ማረፍ ያምረኝ ጀመር። የማውቃቸውን ሰዎች ስም መርሳት ሲጀምረኝ ፈራሁና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ደሜ ሲታይ ቫይታሚን ቢ12 በጣም ወርዶ ተገኘ።

ቢ12 ከጎመንም፣ ከጤፍም፣ ከእርሾም አይገኝም። ምንጩ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያጠራቅም ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም። ጾመን ፋሲካ ላይ ስንፈታ ስለምንተካው ብዙዎቻችን አናስበውም። ዓመቱን ሙሉ የጾም ስንበላ ግን ቋቱ እየጎደለ ይሄዳል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ነው፣ ከቁጥር የማይገባ። ግን ከጎደለ ነርቭ ይጎዳል፤ ከቆየ ደግሞ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። እኔ በጊዜ ስለደረስኩ ከወራት በኋላ እግሬ ተመለሰልኝ።

ስለዚህ ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትረሱት ይህን አትርሱ። የቢ12 ክኒን ውሰዱ፤ መጠኑን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። በተለይ ለስኳር ሜትፎርሚን የምትወስዱ አደራ። መድኃኒቱ ራሱ ቢ12 ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሳል። እግራችሁ ሲደነዝዝ «ስኳሩ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ጠይቁ።

ብረትም አለ። ጤፍና ምስር ብረት አላቸው፣ ግን የእህል ብረት ሰውነታችን ውስጥ በቀላሉ አይገባም። እኛ ደግሞ ከማዕድ ሳንነሳ ቡና እናፈላለን። ቡናና ሻይ ያንኑ ብረት ያስቀሩታል። ቡና ተዉ አልልም፤ ቡና ሲቀር ቤት ይቀዘቅዛል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆዩና ጠጡ። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቁ፣ ምስሩ አጠገብ ቲማቲምና ቃሪያ ሰላጣ አድርጉ። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። የወር አበባ የምታዩ እህቶች ይህ ከሁሉም በላይ ይመለከታችኋል።

«ፕሮቲን ከየት ታመጣላችሁ?» ትባላላችሁ፤ ሁሌም ነው የሚጠየቀው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሰባ ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 56 ግራም ይበቃል። ችግሩ ሦስት እንጀራ በሁለት ጭልፋ ወጥ መብላታችን ነው። ገልብጡት። እንጀራው አንድ፣ ወጡና ጎመኑ ብዙ። ስኳር ያለባችሁ ለውጡን መለኪያችሁ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ፤ መድኃኒት ከወሰዳችሁ ግን ስኳሩ ከልክ በታች እንዳይወርድ ለሐኪማችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበት መሆኑን አንብቡ። እዚህ የሚሸጠው ውድ የባሕር ጨው አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ፀሐይ በማይታይበት ክረምት ደግሞ ጥቁር ቆዳ ላለን ቫይታሚን ዲ ያጥረናል። እንግሊዝ አገር ለምሳሌ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በቀን 10 ማይክሮግራም መውሰዱን እንዲያስቡበት ይመከራል። በወተት ፋንታ የምትጠጡትን ስትመርጡ የአኩሪ አተሩ ይሻላል። የአልመንድ የሚባለው ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ካልሲየም የተጨመረበትን ውሰዱ፣ ከመቅዳታችሁ በፊትም በደንብ ናጡት፤ ካልሲየሙ ታች ይዘቅጣል። ዳቦና ብስኩት ላይ «ዌይ» ወይም «ኬዚን» የሚል ካያችሁ ወተት አለበት ማለት ነው።

ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር በራሳችሁ አትወስኑ። ሐኪሙን ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያውን አስቀድማችሁ አማክሩ። የሚያድግ ልጅ ሆዱ ትንሽ ነው፤ በሽሮ ብቻ ሊሞላ ይችላል፣ ሊያድግ ግን አይችልም።

የቀረው የሰው ነገር ነው። «አሞሃል እንዴ?» «ከሳህ እኮ!» «በሞቴ አንድ ጉርሻ!» ይህ ፍቅር ነው፤ አትቆጡ። እኔ ፋሲካ ላይ ዶሮ ወጥ እበላለሁ። አብዛኛው ቀን የጾም ከሆነ አንድ ቀን አያፈርሰውም ብዬ ነው የወሰንኩት። ሙሉ በሙሉ የተዋችሁ ካላችሁ ደግሞ ለጋባዣችሁ ከሁለት ቀን በፊት ደውሉ። ማዕድ ላይ ተቀምጦ አልበላም ማለት ባለቤቷን ያሳዝናታል።

ወይም እንደኔ አድርጉ፣ ድስት ይዛችሁ ሂዱ። ባለፈው ገና ወዳጆቼ ጋ ሽምብራ ዓሣ ይዤ ሄድኩ። የሽምብራ ዱቄቱን በርበሬና ዘይት ጨምሬ ጠንከር አድርጌ ለወስኩት፣ በዓሣ ቅርጽ ቆረጥኩት፣ ጠበስኩትና ከእሁዱ ቁሌት ውስጥ ከተትኩት። እዚሁ የተወለዱት ልጆች ዓሣ መስሏቸው አጥንት ሲፈልጉበት ነበር። ከዶሮው ቀድሞ አለቀ። በማግስቱ የቤቱ እመቤት ደውላ፣ ዱቄቱ እንዳይሰነጠቅ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። ሙቅ ውሃ ተጠቀሚ፣ ሳትቆርጪው አሥር ደቂቃ ይረፍ አልኳት።