ካፓሲተር ከመግዛትህ በፊት ሪሌውን እየው

ጥያቄው ከአዳማ ነው። «ጋሼ፣ ከአባቴ የቀረ የድሮ ሳንሱይ አምፕሊፋየር አለኝ። ስከፍተው የግራው ስፒከር ዝም ይላል። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ጠሽ ጠሽ ይልና ይመጣል። ሁለቱም ስፒከሮች ላይ ደግሞ ብጨምርም ብቀንስም የማይለወጥ ‹ኡኡኡ› የሚል ድምፅ አለ። ካፓሲተሩንም ትራንዚስተሩንም ጠራርጌ ቀይሬ ላሻሽለው አስቤያለሁ።»

ቆይ ወንድሜ፣ ብርህን አታውጣ። ሳላየው ልወራረድ፦ የግራው ችግር ሪሌው ነው፤ ማለትም ስፒከሩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውና የሚለያየው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ። ኡኡታው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እመጣበታለሁ።

አጥፍተህ የስፒከሮቹን ገመድ ከጀርባ ግራና ቀኝ አቀያይር። ዝምታው ወደ ቀኙ ስፒከር ከዞረ ጥፋቱ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው። ከዚያ ፊት ለፊት «TAPE MONITOR» የሚለውን ማብሪያ ደጋግመህ ተጫን፣ የድምፅ መጨመሪያውንም አሽከርክር። በዚህ ከተመለሰ ቆሻሻ ነው፤ የኮንታክት ማጽጃ ይበቃዋል። ካልተመለሰ ክዳኑን ክፈትና እየሠራ ሳለ ሪሌውን በደረቅ እንጨት ነካ አድርገው፤ አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ድምፁ ብቅ ካለ ተወራርጄ በላሁህ።

ሪሌው ለምን እንደተቀመጠ ልንገርህ፣ ይህቺን ነገር እወዳታለሁ። በእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ትራንዚስተሮቹና ስፒከሩ መካከል ከሪሌው በቀር ምንም መከላከያ የለም። የውስጡ ኃይል ፕላስና ማይነስ 40 ቮልት ነው እንበል። ሪሌው ባይኖርና አንድ ትራንዚስተር ሾርት ቢያደርግ 40 ቮልቱ በቀጥታ 8 ኦም ስፒከር ላይ ያርፋል። ይህ 5 አምፔር፣ 200 ዋት ማለት ነው፤ የስፒከሩ ጥቅልል ወዲያው ይቃጠላል። ሪሌው ስትከፍት ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ቀጭ የሚለው ሁሉም ሰላም መሆኑን አይቶ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን የሚነካኩት ጫፎቹ ይጠቁራሉ፣ ስስ ሽፋን ይይዛሉ። በዝቅተኛ ድምፅ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ከ1 ቮልት በታች ስለሆነ ሽፋኑን አያልፍም። ከፍ ስታደርገው ቮልቱ ይጨምርና ሽፋኑን በስቶ ያልፋል። ጠሽ ጠሽ የሚለው ያኔ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አትፈትገው፣ የብር ቅቡን ትልጠዋለህ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብበህ፣ አብዛኛውን ጊዜ 24 ነው፣ እግሩም አምፔሩም የሚገጥም አዲስ ግዛ።

እጅህን ከማስገባትህ በፊት ግን ስማኝ፦ ስፒናውን መንቀል አይበቃም። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ሁለት እግሮቻቸውን በ100 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር አገናኝተህ አራግፋቸውና በቴስተር ለካ።

በላክልኝ ፎቶ ላይ ባልቦላው (ፊውዙ) በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። ማን እንደሠራው አልጠይቅህም፤ እጁን ግን መብራት ይንካው! ዛሬውኑ አውጣና ከማሽኑ ጀርባ የተጻፈውን አምፔር ግዛ። እዚያው የቮልት መምረጫው 220 ላይ መሆኑንም እይ።

አሁን ወደ ኡኡታው። ድምፅ ስትቀንስ የማይቀንስና በሁለቱም በኩል ያለ ከሆነ ዋናዎቹ የኃይል ካፓሲተሮች ሳይደርቁ አይቀሩም። ማይክሮፋራዱ (የካፓሲተሩ የመያዝ አቅም) ተመሳሳይ፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የሚል ግዛ። «ላሻሽል» ብለህ ማይክሮፋራዱን እጥፍ አታድርገው፤ ሲበራ የሚስበው ኃይል ዳዮዶቹን (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ወደ ዲሲ የሚለውጡትን) ሊጎዳ ይችላል። ገበያው በፎርጅድ ተሞልቷል። ትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ካፓሲተር ከተው 10,000 ማይክሮፋራድ ብለው ይጽፉበታል። ከአሮጌው ጋር በእጅህ መዝነው፤ በጣም ከቀለለህ ጠርጥረው። ካፓሲተር የሚለካ ቴስተር ካለህ እዚያው ሱቁ በር ላይ ለካ። ስትበይድ ማይነሱን እንዳትገለብጥ።

ትራንዚስተሮቹን አትንካ! የሚሠራ የጃፓን ትራንዚስተር አውጥቶ ፎርጅድ ማስገባት ማሻሻል አይባልም። ማሻሻል ካማረህ የተሰነጠቁ ብየዳዎችን በአዲስ ሊድ ንካቸው፣ የላላውን የኋላ መሰኪያ ቀይር።

ስትጨርስ በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰካው። ከመስመሩ ጋር በተከታታይ የድሮ ዓይነት 60 ዋት አምፖል አስገባ፤ ኤል.ኢ.ዲ. አይሆንም። በርቶ ወዲያው ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ ንቀለው። አሁንም እላለሁ፣ መንቀል አይበቃም፣ አራግፍ። ደህና ከሆነ አምፖሉን አውጣና፣ ስፒከር ሳታገናኝ፣ ሪሌው ቀጭ ካለ በኋላ የሁለቱን መውጫ ዲሲ ቮልት ለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ስፒከሩን አገናኝ። ከዚያ በላይ ከሆነ አታገናኝ፣ ቁጥሩን ላክልኝ።