መልስ፦ መብራት ሲመለስ የሚዛኑና የማተሚያው ፋይል ስም ለምን ይቀያየራል?

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፕሮግራሞች ሚዛኑንና የደረሰኝ ማተሚያውን የሚያገኙባቸው የሊኑክስ ፋይሎች ስም ስለሚቀያየር፣ አውቶማቲክ ስም አሰጣጡን ላጥፋው ወይ ለሚለው፦ አያጥፉት፤ ለሁለቱም መሣሪያዎች ቋሚ አቋራጭ ስም ይስጡ። ሚዛኑና የደረሰኝ ማተሚያው «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0» እና «1» የሚሉትን ስሞች የሚለዋወጡት የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ቁጥር የሚያድለው ቀድሞ ላገኘው መሣሪያ ስለሆነ ነው።

1. ዩዴቭ በደንብ እየተመራ ለመሣሪያዎች ስም የሚያወጣ የሊኑክስ ፕሮግራም ነው፤ «ዩዴቭአድም ኢንፎ» በሚለው ትእዛዙ የእያንዳንዱን መሣሪያ የአምራች፣ የምርትና የመለያ ቁጥር ያንብቡ።
2. በዩዴቭ የደንብ ማውጫ ውስጥ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይጻፉ፦ እነዚህ ቁጥሮች ሲገኙ ይህ አቋራጭ ይፈጠር።
3. ደንቡን እንደገና አስጭነው መሣሪያውን ነቅለው ይሰኩ። የቡና መመዘኛው ፕሮግራም አቋራጩን ይክፈት።

«የመሣሪያውን ፋይል በእጄ ብፈጥረውስ?» ላሉት፣ አይጠቅምም። ፋይሉ የሚያመለክተው ቁጥርን ነው፤ ቁጥሩም የሚታደለው በዚያው ተራ ነው። ደግሞም የመሣሪያ ፋይሎቹ ማውጫ የሚኖረው በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ (ራም) ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የእጅ ሥራዎ አብሮ ይጠፋል። ስም የማውጣቱን ሥራ ጭምር ለከርነሉ የሰጠው የቀድሞ አሠራር፣ ዴቭኤፍኤስ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ተወግዷል፤ በ2009 በምትኩ ወደ ከርነሉ የገባው ዴቭቲኤምፒኤፍኤስ ፋይሉን ብቻ ፈጥሮ ደንቡን ለዩዴቭ ይተዋል። ይህ የከርነሉና የዩዴቭ የሥራ ክፍፍል ደንብ ጻፉ ብሎ ያደክማል፤ እኔ ግን እመርጠዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ጅማ በእጄ ከገቡት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከኮምፒውተር የሚያገናኙ ርካሽ የዩኤስቢ መቀየሪያዎች ብዙዎቹ የመለያ ቁጥር የላቸውም። የእርስዎ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ደንቡ ሊለያቸው አይችልም። ያን ጊዜ ደንቡን በተሰኩበት ቀዳዳ ላይ ይመሥርቱ፤ ቀዳዳዎቹ ላይም ምልክት ይለጥፉ፣ የሚያጸዳ ሰው ነቅሎ አቀያይሮ ሊሰካቸው ይችላልና።