አምስት ክሬዲት ከፍዬ በሳምንት ሦስት ሰዓት ተማርሁ

ጥያቄ፦ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ከፍዬ ተመዘገብሁ። ክፍል የገባነው ግን በሳምንት 3 ጊዜ፣ ያውም ለ50 ለ50 ደቂቃ ነበር። የቀረብኝን የ2 ሰዓት ክፍያ ዩኒቨርሲቲው እንዲመልስልኝ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ከክሱ በፊት በጥያቄዎ ውስጥ ፈልጌ ያጣኋቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ተቋሙ ክሬዲት የሚቆጥረው በየትኛው ሥርዓት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ በኮርሱ ያገኙትንም ውጤት አልጠቀሱም። ስለ ውጤቱ የማነሣው ለወሬ አይደለም። ቅሬታዎ የተነሣው ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ከሆነ፣ የተቋሙ ጠበቃ አስቀድሞ የሚጠይቅዎት ሴሚስተሩን ሙሉ ለምን ዝም እንዳሉ ነውና፣ ይህን ከራስዎ ጠበቃ መደበቅ አይገባዎትም ነበር።

ሕጉን ባጭሩ ልበል። ከፍሎ የተመዘገበ ተማሪና የተቋሙ ግንኙነት በብዙ አገሮች እንደ ውል ይታያል። ፍርድ ቤቶች የማስተማሩን ጥራት ለመመዘን ቢያመነቱም፣ በጽሑፍ ተለይቶ የተገባ ግዴታ መፈጸሙን ግን ይመረምራሉ። የውስጥ የቅሬታ ሥርዓቱን ሳይጨርሱ መክሰስ አብዛኛውን ጊዜ ከደጅ ያስመልሳል።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ክሬዲትን ክፍል ውስጥ ከተቀመጡበት ሰዓት ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። በአሜሪካ በተለመደው ስሌት 1 ክሬዲት ማለት ለ15 ሳምንታት ገደማ በየሳምንቱ 1 የክፍል ሰዓትና ቢያንስ 2 ሰዓት ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ ሲሆን፣ «ሰዓት» የሚባለውም በልማድ 50 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የ3 ክሬዲት ኮርስ 45 ክፍለ ጊዜ በእጅ ሰዓት ሲለካ 37 ሰዓት ተኩል ብቻ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ጉድለት አይደለም። ኢሲቲኤስ (ECTS) የሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር ሥርዓት በአንጻሩ የተማሪውን ጠቅላላ ሥራ፣ ማለትም ክፍሉን፣ ንባቡንና ፈተናውን አንድ ላይ ስለሚለካ፣ 1 ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ይይዛል። በዚህ ሥርዓት የእርስዎ 5 ክሬዲት ከ125 እስከ 150 ሰዓት ሥራ ነውና፣ 45 ክፍለ ጊዜ መማርዎ ብቻውን ክስ አያቆምም።

ላብራቶሪም አለ፤ በብዙ ቦታ በሳምንት 2 ወይም 3 የላብራቶሪ ሰዓት እንደ 1 ክሬዲት ይቆጠራል። አንድ ደንበኛዬ ልክ እንደ እርስዎ 2 ሰዓት ጎደለብኝ ብሎ፣ ቀናቱን በደብተር መዝግቦ መጣ። የኮርስ አውትላይኑን ስንገልጥ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ «ሌክቸር 3፣ ላብራቶሪ 6» ይላል። ስም የሚጠራ ስላልነበረ ላብራቶሪውን አንድም ቀን አልረገጠውም።

አውትላይኑ በሳምንት 5 የክፍል ሰዓት ብሎ ከጻፈ፣ ወይም በፕሮግራሙ የነበሩ ክፍለ ጊዜዎች ሳይሰጡና ሳይካካሱ ከቀሩ፣ ነገሩ ይለወጣል። ይህን ለማወቅ እርስዎ በተማሩበት ዓመት የወጣውን ካታሎግ (የዘንድሮው አይጠቅምዎትም)፣ አውትላይኑን፣ የክፍል ፕሮግራሙንና የክፍያ ደረሰኙን ይሰብስቡ። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አጭር ስለሆነ የተማሪዎች መመሪያውን ዛሬውኑ ያንብቡ፤ «የቀረብኝ ጥያቄ የለም» የሚል ወረቀትም ሳያማክሩ አይፈርሙ። የእኔ መልስ ሰነድ ሳይታይ የተሰጠ ነውና፣ ክስ ከማሰብዎ በፊት ፋይሉን የሚመረምር ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ የውጤት ወረቀትዎንም ይዘው።