ገጽ 11 ላይ ጽፌዋለሁ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ኮምቦልቻ ነው የምትሠራው። አካውንቲንግ ተምራ፣ አራት ዓመት ተቀጥራ ከሠራች በኋላ አሁን ለሦስት ድርጅቶች በየተራ የፋይናንስ ኃላፊ ሆናለች፤ ለአንዱ ሁለት ቀን፣ ለሌላው አንድ ቀን ተኩል፣ እንዲህ እንዲህ እያለች። ጥያቄዋ አጭር ናት። «ጋሼ፣ አንዱ ቤት ሒሳብ ውስጥ ደስ የማይል ነገር አየሁ። ሪፖርቴ ላይ ካሰፈርኩት እኔ ነፃ ነኝ አይደል?»

«አዎ» ብዬ ልጽፍላት ነበር። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ ወጣሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ቁስል ነው የነካችብኝ። ለእሷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ። ምክር ጠይቃችሁኝ በጨዋታ ያለፍኳችሁ ብዙ ናችሁና።

ይሄን ሥራ ዛሬ «ፍራክሽናል» ትሉታላችሁ። እኛ «ተመላላሽ» ነበር የምንባለው፣ እንደ ሆስፒታል በሽተኛ። በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው ወደ ውስጥ ዞሮ «ተመላላሹ መጣ!» ይላል። ቢዝነስ ካርድ የሚባል አልነበረንም። ባለፈው ደሴ ፒያሳ ያገኘሁት ልጅ ግን ሁለት ደንበኛ እንኳ ሳይኖረው ካርዱ ላይ «ሲኢኦ» አሳትሟል። የምን ድርጅት ሥራ አስፈጻሚ ነህ ብለው «የራሴ» አለኝ። ስቄበት ነበር። ማታ ሳስበው ግን መልሱን ወደድኩት።

እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ቫት ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ሲጀመር ኮምቦልቻ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የደሴ ነጋዴ ተደናገጠ። በዓመት ከ500 ሺህ ብር በላይ የሚያንቀሳቅስ ሁሉ ይመዝገብ፣ ሲሸጥ 15 በመቶ ይሰብስብ፣ ሲገዛ የከፈለውን ያቀናንስ፣ በየጊዜው ያሳውቅ ተባለ። በእርሳስና በሉክ ደብተር ሲሠራ የኖረ ሰው ከየት ያመጣዋል? የጎረቤቴ ወንድም ለመነኝና ማታ ማታ ሠራሁለት። እሱ ለጓደኛው ነገረ፣ ጓደኛው ለአማቹ። ከዓመት በኋላ የማታው ገቢዬ ደሞዜን አለፈውና መልቀቂያ አስገባሁ። እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። የመንግሥት ወንበር ትቶ የሰው ደብተር ተሸክሞ የሚዞር ልጅ አልወለድኩም ብላ።

ስለዚህ ልልቀቅ ወይስ አልልቀቅ ለምትሉኝ፣ አትልቀቁ። እኔ ለቅቄያለሁ፣ እናንተ ግን አትልቀቁ። ቢያንስ የስድስት ወር የቤት ወጪ እጃችሁ ላይ እስኪኖር። ከለቀቅኩ በኋላ የያዝኩት የመጀመሪያ ትልቅ ደንበኛ የከፈለኝ በአራተኛው ወር ነው።

ውል ጻፉ፣ ግብር ክፈሉ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ልተወው፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከክፍያችሁ ላይ ለተቀነሰው ቅድመ ግብር ደረሰኙን ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ዓመቱ ሲያልቅ የሚታሰብላችሁ በእሱ ነው። እኔ አንዱን ዓመት ጥዬው ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።

አሁን ወደ ሐጂ ልምጣ። ስማቸው ይቅር።

ሐጂ ደሴ ውስጥ እህል ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤታቸውን አስይዘው ከባንክ ተበደሩና ኮምቦልቻ ላይ የዱቄት ፋብሪካ አቆሙ። ከእሳቸው ጋር ያገናኘኝ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት አብረን ተምረናል። ሐጂ ያሳደጉት፣ የዳሩት፣ የመጋዘኑን ቁልፍ የሰጡት ልጅ ነው። በ1998 ማክሰኞና ዓርብ እየሄድኩ ሒሳቡን እንድይዝ ተስማማን። 1,200 ብር በወር። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ከጠቅላላ ገቢዬ ግማሹ። ይቺን ግማሽ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እነዚያን ማክሰኞዎች እወዳቸው ነበር። ደሴ ላይ ጃኬት ደርበህ ሚኒባስ ትገባለህ። ሐረጎ ላይ ጉሙ ከመኪናው ፊት ይጋረጣል፣ ሾፌሩ ጡሩንባውን እየነፋ ይወርዳል፣ አሮጊቶች «ያረቢ!» ይላሉ። ቁልቁለቱ አልቆ ኮምቦልቻ ስትደርስ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ አየሩ ግን የሌላ አገር ነው። ፋብሪካው ውስጥ የትኩስ ዱቄት ሽታ አለ፣ ከልብስ አይለቅም። ባለቤቴ ማክሰኞ ማታ «ዳቦ ቤት ነው እንዴ የምትውለው?» ትለኝ ነበር።

ስለ ዱቄት የማታውቁ ካላችሁ፣ ከ100 ኩንታል ስንዴ ወደ 75 ኩንታል ዱቄት ይወጣል። ፉርሽካው 22 ወይም 23 ይሆናል። የቀረው በማበጠርና በእርጥበት የሚሄድ ነው። በስድስተኛው ወር ሞዴል 19ኙን (የዕቃ ገቢ ደረሰኙን) እና ሞዴል 22ቱን (የዕቃ ወጪውን) ከማሽኑ መዝገብ ጋር አያይዤ ስደምር አንድ ነገር አላምር አለኝ። በወሩ 3,000 ኩንታል ስንዴ ተፈጭቷል። ፉርሽካው 690፣ ልክ ነው። ዱቄቱ ግን 2,040። እንደገና ደመርኩ። ያው ነው። ወደ 200 ኩንታል ዱቄት የለም።

የሐጂን እህት ልጅ ጠየቅኩት። «ስንዴው ቆሻሻ ነው ባክህ፣ አፈር ነው የሚያመጡልን» አለኝ። ስንዴው ቆሻሻ ቢሆን ፉርሽካውም አብሮ ይቀንስ ነበር። የጎደለው ዱቄቱ ብቻ ነው። ይሄን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ማወቄንም ያውቃል። ከዚያ የምሳ ሰዓት ደረሰና ጥብስ ጋበዘኝ። በላሁ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሐጂ ዘንድ ገብቼ በሩን መዝጋት። እኔ ግን ሪፖርት ጻፍኩ። አሥራ አራት ገጽ፣ ፒችትሪ ከሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የወጣ፣ የተጠረዘ፣ ያማረ። ገጽ 11 ላይ «ሌሎች ጉዳዮች» ከሚለው ሥር፣ የዱቄት ምርቱ ከተለመደው መጠን ዝቅ ያለ ስለሆነ ማኔጅመንቱ ቢመለከተው መልካም ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። በእንግሊዝኛ። ሐጂ ቁርዓን ያነባሉ። አማርኛ በዝግታ፣ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። እንግሊዝኛ አንድ ፊደል አያውቁም። ይሄን አሳምሬ አውቅ ነበር።

ሪፖርቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። መረቁኝ። ከዚያ ካዝናውን ከፈቱና ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጠው ቆለፉበት።

በየሦስት ወሩ ያቺን ዓረፍተ ነገር እየገለበጥኩ ሁለት ዓመት ሄድኩ። ገጹ አንዳንዴ 10 ይሆናል፣ አንዳንዴ 12።

የሚያንገበግበኝ ግን ሪፖርቱ አይደለም፣ አንድ ዓርብ ነው። ከጁምዓ ተመልሰው ጊቢው ውስጥ ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦል አለፈ፣ ቶና አለፈ፣ በረካው ላይ ደርሰናል። የእህታቸው ልጅ ለጭነት ወጥቷል። ከሴትዮዋ በቀር ማንም የለም፣ እሷም ዕጣኑን እያራገበች ነው። ሐጂ ሲኒውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» አሉኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። አሁን ሳስበው አንድ ነገር ሸቷቸው ነበር፣ ከእኔ አፍ ሊሰሙት ነው የጠየቁኝ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ ማለት ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ወሎ ውስጥ ግን በሰው ምላስ መመለስ ወግ ነው፣ «አልሐምዱሊላህ በሉ ሐጂ፣ ደህና ነው» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ሲኒውን አነሱት።

በ2000 የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ስንዴ መግዣ ጠፋ። ፋብሪካው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያ አንድ ቀን፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። የባንኩ ዕዳ ግን አይቆምም። የሐራጁን ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አየሁት፣ ቤቱም አብሮ ነበር።

ከወራት በኋላ ደሴ አንድ ሻይ ቤት ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። መሸሽ አፈርኩና ተቀመጥኩ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከዚያ «ታውቅ ነበር?» አሉኝ። «ሪፖርቱ ላይ ጽፌዋለሁ ሐጂ» አልኩ። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ያልኩት። «ገጽ 11 ላይ» ሁሉ አልኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «እንዲያ ነው?» አሉ በመጨረሻ። አስተናጋጁን ጠርተው የሁለታችንንም ሻይ ከፈሉ። ቤታቸው የተሸጠባቸው ሰው የእኔን ሻይ ከፈሉ። «አብሽር» ብለውኝ ሄዱ።

የዚያን ሪፖርት ቅጂ ለራሴ አስቀምጬ ነበር፣ እንደ ማስረጃ። አንድ ቀን የሚከሰኝ ቢመጣ የማሳየው። ማንም አልመጣም። በ2014 ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ሁሉም ሰው ለቅቀን ወጣን። ታኅሣሥ ስንመለስ ቢሮዬ ተሰባብሮ ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ብዙ ደንበኞቼ ኮምፒውተራቸውን ከነመዝገቡ አጥተው ስለነበር፣ ከባንክና ከገቢዎች ቅጂ እየለመንን የዓመታት ሒሳብ እንደ አዲስ ስንገነባ ወራት ፈጀን። ያ ሌላ ታሪክ ነው። የሐጂ ሪፖርት ያለበት ካርቶን ግን ጠፍቶ ነበር። በሰው ሁሉ ሐዘን መሃል እንዲህ ማለት ነውር ነው፣ ቀለለኝ።

ከዚህ ሁሉ ምን ተማርክ ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ ያቺ ግማሽ ናት። አንድ ደንበኛ የገቢያችሁን ግማሽ ከያዘ ምላሳችሁንም ይዞታል። ሲሶ እንኳ ብዙ ነው እላለሁ። ሐጂ 300 ብር ይከፍሉኝ ቢሆን ኖሮ ያን ዓርብ የምናገር ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው፣ ጓደኛዬም ነበር ልጁ። ሥራ ያመጣላችሁን ሰው ሒሳብ መመርመር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ሪፖርታችሁን ደግሞ በባለቤቱ ቋንቋ ጻፉ። የዛሬ ልጆች ስላይድ ታበዛላችሁ፣ ቀለም ታበዛላችሁ፣ እንግሊዝኛው ያምራል። ደንበኛችሁ ግን ኮምቦልቻ ብረት የሚሸጥ ሰው ነው። አንድ ገጽ አማርኛ ይበቃዋል፣ መጥፎው ነገር ከላይ ይሁን። እኛ ከእናንተ እንሻል ነበር ልል አልችልም መቼም፣ የጠረዝኩትን አይታችኋል።

ቅድም ውል ጻፉ ብያለሁ። የእኔ ውል ላይ ክምችት መቆጣጠር የሚል አልነበረም፣ ስለዚህ በውሉ ብትሄዱ ጥፋተኛ አይደለሁም። አንድ ጠበቃ ወዳጄም እንዲሁ ብሎኛል። ውል መጻፉንም እንዳትተዉ፣ ውል ብቻውን ነፃ እንደማያወጣም እንዳትረሱ። እንዴት አብረው እንደሚሄዱ እኔም እስካሁን አላገኘሁትም።

አንቺ ልጄ፣ ለጥያቄሽ። አዎ፣ በወረቀት ነፃ ነሽ። ግን ሰውየው ዘንድ ሂጂ። ደሞዝ በሚከፍልበት ቀን አትሂጂ፣ ሰው በተሰበሰበበትም አታውሪ። ላፕቶፕሽን አትክፈቺ። «ሰረቀ» አትበይ፣ ያየሽውን ቁጥር ብቻ ንገሪው፣ ይሄን ያህል መሆን ነበረበት፣ ይሄን ያህል ሆኗል ብለሽ። ከዚያ ዝም በይ። ሊቆጣሽ ይችላል፣ ሊያባርርሽም ይችላል፣ ሁለት ደንበኛ ይቀርሻል።

እኔ ሐሙስ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ከፈለግሽ ስትገቢ ውጭ እጠብቅሻለሁ። ስትወጪ ሻይ እንጠጣለን፣ እኔ ነኝ የምከፍለው።