ጥናቱን የሚያውክ ሰው ሲኖር፦ ከጥናት መሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ደሴ ውስጥ የቤት ለቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መምራት ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት እኛ ሳሎን እንሰበሰባለን፤ አንዳንዴ 8፣ አንዳንዴ 14 ሰው። በቅርቡ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣን የጥናት መሪዎች ተገናኝተን ነበር። ጥያቄው በዝቶ ሰዓቱ አልበቃንም፤ አብዛኛው ደግሞ ጥናቱን ስለሚያውክ ሰው ነበር። ያኔ ያልተመለሱትን እዚህ የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

እትዬ፣ ጥናታችን ላይ አንድ ወንድም አለ። ጥያቄውን ሳልጨርስ መመለስ ይጀምራል፣ ከዚያ የሚያቆመው የለም። ሌሎቹ መቅረት ጀምረዋል። ምን ላድርግ? (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ፣ ይኼ ያልገጠመው መሪ የለም። ብቻ በሰው ፊት አታርሚው። ጌታ በማቴዎስ 18 ላይ «አንተና እርሱ ብቻችሁን» ያለው ለዚህ ነው። አጵሎስም በምኩራብ ሲያስተምር የጎደለው ነገር ነበር፤ ጵርስቅላና አቂላ ግን እዚያው ተነስተው አላቋረጡትም፣ ወስደው ለብቻው አስረዱት።

እኛም ጋ እንዲህ ያለ ወንድም ነበር፤ ቃሉን የሚያውቅ፣ የሚወድ ሰው። አንድ ሐሙስ ጥናቱ ሲያልቅ እስከ ፒያሳ ልሸኝህ ብዬ አብሬው ወጣሁ። መንገድ ላይ እንዲህ አልኩት፦ «አንተ ቀድመህ ስትመልስ በር አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እርዳኝ፤ ሦስት ሰው ከተናገረ በኋላ ተናገር።» ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ «እኔ ዝም ካልኩ ጥናቱ የሚሞት ይመስለኝ ነበር» አለኝ። ከልቡ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ዝምታችንን ሊሸፍንልን ይደክም ኖሯል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ዮሐንስ 4ን አነበብን። እሱ መጽሐፍ ቅዱሱን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞ ተቀምጧል፤ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። ዝምታው ረዘመ። ልጅቷ ቀና ሳትል «ሴትዮዋ ውኃ ልትቀዳ መጥታ እንስራዋን ለምን ትታው ሄደች?» አለች። እስከ ማታ 2 ሰዓት ስለዚያ እንስራ አወራን።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ ንግግር የሚያበዛውን ሰው የሚፈጥረው የእኛ አጠያየቅ ነው። «ይህ ክፍል ምን ያስተምረናል?» ብለሽ ከጠየቅሽ ስብከት ጋብዘሻል። «ቁጥር 7 ላይ ኢየሱስ ምን ለመናት?» በዪና በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። አሥር ስትቆጥሪ ዝምታው የከበደሽ ይመስልሻል። አትቸኩዪ፣ ዝምተኛው ሰው አፉን የሚከፍተው ከስምንተኛው በኋላ ነው።

ያው ችግር እኛም ጋ አለ፤ ግን የሚናገሩት ጋሼ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ነው፣ እኔ ገና 26 ዓመቴ ነው። እንዴት አፌን ሞልቼ እናገራቸዋለሁ?

አንተ አትናገራቸው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ሽማግሌን አትገሥጽ፣ እንደ አባት ለምነው ብሎታል። በእኛም አገር ወግ ትልቅ ሰው ዘንድ የሚላከው እኩያው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የሚቀርባቸውን ሰው ለምነው። ከዚያ ደግሞ ክብር ያለው ቦታ ስጣቸው። መዝጊያውን ምርቃት የእሳቸው አድርገው። የወሎ አዛውንት መመረቅ እንዴት እንደሚያውቅ አንተም ታውቃለህ። ቡናው ከጥናቱ በፊት የሚፈላ ከሆነም በአቦሉ ላይ የድሮውን እንዲያጫውቱህ ጠይቃቸው። የሚሰማቸው ያገኙ ሰው ጥናቱ ላይ አይቸኩሉም።

ስልክስ?

ብዙው ሰው መጽሐፍ ቅዱሱ ስልኩ ውስጥ ስለሆነ «ዝጉ» ማለት አልሆነልኝም። ጠረጴዛ ላይ የታተሙ አምስት መጽሐፍ ቅዱሶች አስቀመጥኩ፤ ሲገቡ ራሳቸው ያነሳሉ።

አንድ ወንድማችን የትኛውንም ክፍል ብናነብ በ2014ቱ ጦርነት ወደ ደረሰበት ነገር ይመልሰዋል። ሱቁ ተዘርፎበታል፣ ወንድሙንም አጥቷል። እናዝንለታለን፣ ጥናቱ ግን በየሳምንቱ እዚያው ላይ ይቆማል። (ደሴ)

ይህን ሰው አዋኪ ከምትሉት ጋር አንድ ላይ አትቁጠሩት፤ እለምናችኋለሁ። የዚያን ዓመት ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር እዚህ ከተማ ያሳለፈ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እናንተ ጥናቱን ይቆርጥብናል ትላላችሁ፤ እሱ ምናልባት ስለዚህ ነገር የሚናገርበት ሌላ ቦታ የለውም።

እኛም ጋ እንዲህ ያለ ወንድም አለ፤ አንድ ሐሙስ ጥናቱን ተውነው። «ዛሬ የአንተ ነው» አልነው። ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ፤ ማንም ጥቅስ አልጠቀሰለትም። በመጨረሻ «አቤቱ፥ እስከ መቼ» የሚለውን መዝሙር አንድ ሰው አነበበና ተበተንን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወንድሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ይሄዳሉ። ሐሙስ ላይ አሁንም ያነሳዋል፣ ግን አጠር አድርጎ። የእናንተው ወንድም ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ጋ አብራችሁት ሂዱ፤ ይህን ከጸሎት ጋር የሚያጣላ ነገር የለም።

አንድ ድንበር ግን አለ። ሰው የደረሰበትን ይናገር። «እነ እገሌ ሕዝብ እንዲህ ናቸው» ወደሚል ፍርድ ሲዞር ግን በዚያው ቅጽበት አቁሙት። እናቱ ከዚያ ወገን የሆነች ሰው እናንተው ሳሎን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሊቀመጥ ይችላል።

ኦርቶዶክስ የሆነ ጎረቤቴን ጋብዤው መጣ። ስለ ቅዱሳን ምልጃ አንድ ነገር ቢጠይቅ አራት ሰው በአንዴ ተነሳበት። ጥናቱ በክርክር አለቀ፣ እሱም አልተመለሰም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንዴት ላስቁም?

የሚቆመው የእሱ ጥያቄ አይደለም። ያን ማታ ጥናቱን ያወከው እንግዳው ሳይሆን አራቱ ናቸው። ወሎ ውስጥ እኮ ነን፤ በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን እኅትማማቾች በአንድ ትሪ የሚበሉበት አገር። የሌላውን እምነት እያዋረድን የምንመራው ጥናት ግድግዳውን አልፎ ለጎረቤት ይሰማል። ጎረቤትህ ቤት ሂድና ይቅርታ ጠይቀው፤ ጥናቱ ላይ ተመለስ ብለህ ግን አትጫነው። ለአራቱም የሚቀጥለው ጥናት ከመጀመሩ በፊት ንገራቸው፦ እንግዳ ሲጠይቅ የሚመልሰው አንድ ሰው ነው፣ የሚመልሰውም የተጠየቀውን ብቻ ነው።

«ስለ እገሊት እንጸልይ» ተብሎ የሰው ገመና ይወጣል።

እኛ ጋ ሕጉ አጭር ነው፤ በቦታው የሌለ ሰው ካልፈቀደ ስሙም ጉዳዩም አይነሳም። «አንዲት እኅት ጸሎት ትፈልጋለች» ይበቃል፤ እግዚአብሔር ያውቃታል።

«ጌታ ነገረኝ» ብሎ ጥናቱን የሚያቋርጥ አለ። ይህን ማስቆም መንፈስን ማጥፋት አይሆንም?

1ኛ ቆሮንቶስ 14ን ከሁሉም ጋር ሆናችሁ አንብቡት፣ ያለ እሱ ስም። እዚያ ነቢያት ተራ በተራ ይናገራሉ፣ ሌሎቹም ይለያሉ፤ አንዱ ሲናገር ለሌላው ከተገለጠለት የፊተኛው ዝም ይላል። ስለዚህ ዝም ማለት የሚችል ሰው ነው የሚናገረው ማለት ነው። ያየውን ለሽማግሌዎች እንዲያቀርብ አድርጉ። በተለይ ስለ ሰው ጋብቻ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሕመም የሚነገረውን ያለ ሽማግሌ አትቀበሉ። መድኃኒት አቁሙ የሚል ቃል ከመጣ ግን ቀጠሮ አትስጡት፣ እዚያው «አይሆንም» በሉ።

ከፋብሪካ ሺፍት የሚወጡ ልጆች ግማሽ ላይ ይገባሉ። (ኮምቦልቻ)

በር አጠገብ ቦታ ተዉላቸው፣ ሻይም አስቀሩላቸው። ስምንት ሰዓት ቆማ ስትሠራ ውላ የመጣችን ልጅ «አርፍደሻል» የሚል ፊት አትቀበላት።

«ከእንግዲህ አትምጣ» የሚባለው መቼ ነው?

ቲቶ 3 ላይ አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ ከገሠጽህ በኋላ ይላል። በ16 ዓመት ውስጥ ይህን ያልኩት ለሁለት ሰው ነው። አንዱ አባላቱን እየዞረ ይበደርና ሲጠየቅ ይሰድብ ነበር። ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ከሽማግሌ ጋር ሆኜ ነገርኩት። ከጠባዩ አልተመለሰም፤ አትምጣ አልነው። ለአባላቱም ምክንያቱን ሳናበዛ ነገርናቸው፣ ሐሜት እንዳይሆን።

ሁለተኛው ሴት ልጆችን «ልሸኛችሁ» እያለ መንገድ ላይ የሚያስቸግር ነበር። ለዚህ ሁለት ማስጠንቀቂያ የለም። የነገረችኝን ልጅ አመንኳት፤ ሌላ ሰው እስኪመሰክር አልጠበቅሁም። በዚያው ቀን ሽማግሌዎቹ አወቁ፣ እሱም ከዚያ በኋላ ደጃችንን አልረገጠም። እጅ ያነሳ ወይም የደፈረ ቢሆን ጉዳዩ ወደ ፖሊስ የሚሄድ እንጂ በሽምግልና የሚያልቅ አይደለም። ልጅቷን ለብቻዋ አትተዉአት፤ እኔ ቀጥሎ ለነበሩት ሦስት ወራት ሐሙስ ማታ እስከ ቤቷ በር ድረስ እሸኛት ነበር።